የስካውት ወጣቶችና የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርት

ሰኔ 20 ቀን 2014 ዓ.ም. ከሎስ አንጀለስ ተነሥቶ ወደ ቺካጎ ይጓዝ የነበረ የመንገደኞች ባቡር፤ በአሜሪካ አገር በሚዙሪ ግዛት ሜንደን ከምትባል ትንሽ ከተማ አጠገብ፤ መዝጊያም መብራትም በሌለው የገጠር ማቋረጫ ላይ ከአንድ የጭነት መኪና ጋር ተጋጭቶ ሐዲዱን ለቀቀ። ሠረገሎቹም በጐናቸው ተጋደሙ። የጭነት መኪናው ነጂና 3 መንገደኞች ሞቱ፤ 150 ያህል ሰዎችም ቈሰሉ። በባቡሩ ውስጥ ግን፤ በኒው ሜክሲኮ ግዛት ፊልሞንት ከሚባለው የስካውቶች ሰፈር ወደ አገራቸው ወደ ዊስኮንሲን ይመለሱ የነበሩ የሁለት ቡድን ስካውቶች ከመሪዎቻቸው ጋር ተሳፍረው ነበር። ሐኪምና አምቡላንስ እስኪደርስ ድረስ እነዚህ ገና ጢም ያላበቀሉ ልጆች መስኮት እየሰበሩ ሰዎችን እንዳወጡ፤ የሚደማውን እንዳሰሩ፤ ከነርሱም አንዱ ከጭነት መኪናው ነጂ አጠገብ ሆኖ እያጽናና ነፍሱ እስክትወጣ ድረስ እንዳልተለየው በዚያ ሳምንት የወጡ ጋዜጦች ጽፈዋል።

ይህ ወሬ በተሰማ ጊዜ ብዙዎች የልጆቹን ድፍረት አመሰገኑ፤ ምስጋናውም ይገባቸዋል። ዳሩ ግን ነገሩን ጠለቅ ብሎ ለተመለከተው ሰው እዚያ የታየው ድፍረት ብቻ አይደለም። ድፍረትማ ያለ ዕውቀት ቢሆን ኖሮ ቁስለኛውን እጅና እግሩን ይዞ ከመጐተት በቀር ሌላ ፍሬ ባላፈራም ነበር። በዚያች ሰዓት የሠራው፤ አስቀድሞ ማንም በማይደማበት፤ ማንም በማይሞትበት በሰላሙ ቀን ጨርቅ ሲያስሩና ሲፈቱ፤ አንዱ እንደ ቁስለኛ ሆኖ ሲተኛ ሌላው ሲሸከመው የቆዩበት ልምምድ ነው። የዛሬው ጽሑፋችን ስለዚሁ ልምምድ ነው። ይኸውም በልጅነት የተገኘ የመጀመሪያ ርዳታ ትምህርት ለሰው ዕድሜውን ሙሉ የሚተርፈው በምኑ እንደ ሆነ፤ በምኑ ደግሞ እንደማይተርፍ ለመመርመር ነው። ነገሩ በሩቅ አገር የደረሰ ቢሆንም ለእኛ ሩቅ እንዳልሆነ ወደ ኋላ ይታያል።

እንግዲህ ትምህርቱ ከየት እንደ መጣ በአጭሩ እናስታውስ። የውጭ አገሩን ታሪክ በአውሮፓ አቈጣጠር፤ የአገራችንን በራሳችን አቈጣጠር እንጽፋለን። በ1859 ዓ.ም. በኢጣልያ ምድር በሶልፌሪኖ በተደረገው ጦርነት ቁስለኛው የሚያነሣው አጥቶ በየሜዳው ወድቆ ያየው የስዊስ ተወላጅ አንሪ ዱናን ያነሣው አሳብ፤ በ1863 ዓ.ም. ቀይ መስቀልን አስገኘ። ይህ ግን ለጦር ሜዳ ነበር። በሰላም ጊዜ በማዕድን ጕድጓድ፤ በፋብሪካና በምድር ባቡር ሥራ ለሚጐዳው ሰው ያሰበው ማኅበር በእንግሊዝ አገር በቅዱስ ዮሐንስ ስም የቆመው በ1877 ዓ.ም. ነው። በሚከተለው ዓመት ፒተር ሼፐርድ የተባለ የጦር ሠራዊት ሐኪም በዉሊች ለተራው ሕዝብ ቁስል ማሰርንና ደም ማቆምን ማስተማር ጀመረ፤ ለተማሪዎቹም መጽሐፍ አዘጋጀላቸው። እርሱ ራሱ በ1879 ዓ.ም. በጃንዋሪ ወር በዙሉዎች አገር በኢሳንድልዋና ጦርነት ሞተ፤ ትምህርቱ ግን ከርሱ በኋላ በየአገሩ ተስፋፋ።

በጀርመን አገር ደግሞ ስመ ጥሩው የቀዶ ጥገና ሐኪም ፍሪድሪክ ፎን ኤስማርክ በ1882 ዓ.ም. በኪል ከተማ ሐኪም ያልሆነ ሰው ይህንኑ ዕውቀት የሚማርበትን ቤት አቁሞ የሳምራውያን ትምህርት ቤት ብሎ ሰየመው። ለካህናት አንባቢዎቻችን የስሙን ምክንያት ማስረዳት አያስፈልግም። አንድ ነገር ብቻ እናመልክት። ወደ ኢያሪኮ በሚወስደው መንገድ የወደቀውን ሰው ያነሣው መንገደኛ ርኅራኄ ብቻ አልነበረውም፤ ዘይትና ወይን ይዞ ነበር፤ ቁስል ማሰርም ያውቅ ነበር፤ የሚጭንበትም እንስሳ ነበረው። ከርሱ በፊት ያለፉት ሁለቱ በርኅራኄ ማጣት እንዳለፉ ሁልጊዜ ይሰበካል። ምናልባት የሚያደርጉትን ባለማወቃቸው ፈርተው ይሆናል ብንል ትርጓሜውን አፈረሳችሁ እንደማንባል ተስፋ እናደርጋለን፤ በየመንገዱ ቆሞ የሚያየውን ሰው ሁሉ ጨካኝ ነው ለማለት ግን አንደፍርምና።

ይኸው ኤስማርክ ሦስት ማዕዘን ያለው የቁስል ማሰሪያ ጨርቅ በሰፊው እንዲታወቅ ያደረገ ሰው ነው። ጨርቁ ለራስ፤ ለክንድ፤ ለጕልበትና ለእግር እንዴት እንደሚታሰር የሚያሳይ ሥዕል ታትሞበት ለወታደር ይሰጥ ነበር። ዛሬ ስካውት ባንገቱ አስሮት የምናየው የአንገት ጨርቅ ለጌጥ ብቻ የተደረገ የሚመስለው ሰው አይጠፋም፤ ሲፈታ ግን ለዚሁ ለኤስማርክ ጨርቅ ሥራ የሚሆን ነው። ልጁ የቁስል ማሰሪያውን ባንገቱ ተሸክሞት ይዞራል ማለት ነው።

የስካውትን ማኅበር የመሠረተው ሮበርት ቤደን ፖውል በደቡብ አፍሪካ በ1899ና በ1900 ዓ.ም. ማፌኪንግ የተባለችው ከተማ 217 ቀን ተከባ በነበረ ጊዜ የጦሩ አለቃ ነበረ። በዚያ ከበባ ልጆች መልእክት እያደረሱ ሌላውንም አገልግሎት እየፈጸሙ ትልልቆቹን ሰዎች ለጦሩ ሥራ ነጻ እንዳደረጓቸው አይቶ፤ ልጅ አደራ ቢሰጡት አደራውን እንደሚችለው ተረዳ። በ1907 ዓ.ም. በኦገስት ወር በእንግሊዝ አገር በብራውንሲ ደሴት 20 የሚያህሉ ልጆችን፤ የመኳንንቱንም የሠራተኛውንም ልጅ አንድ ላይ አድርጎ፤ በድንኳን አስፍሮ ፈተነ። በዓመቱም ለልጆች የሚሆነውን መጽሐፍ አወጣ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሰውን ሕይወት ስለ ማዳን ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለበት፤ የሰመጠውን ማውጣት፤ እሳት የያዘውን ማጥፋት፤ የሚደማውን ማሰር። ለማኅበሩም ተዘጋጅ የሚለውን ቃል መፈክር አደረገለት። የወታደር ቃል ቢመስልም ነገሩ ሌላ ነው፤ ምን ሊደርስ እንደሚችል አስቀድሞ ያሰበና የሚያደርገውን የተለማመደ ልጅ ጊዜው ሲደርስ አይደነግጥም ማለት ነው። ዛሬ በዓለም ሁሉ ያሉት ስካውቶች ከ50 ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ይህ ትምህርት በስካውት ዘንድ የሚይዝበት፤ በንግግርና በስብሰባ ግን የማይይዝበት ምክንያት ምንድር ነው? ምክንያቱን ለማግኘት ባሕር መሻገር አያሻንም። አቋቋም የተማረ ሰው ያውቀዋል። አቋቋም ከመጽሐፍ ተነቦ አይገባም፤ በእግር፤ በመቋሚያ፤ በጸናጽልና በከበሮ፤ ከመምህሩ ፊት ቆሞ በመሳሳትና በመታረም ነው የሚገባው። በልጅነቱ የተማረው ሰው ዓይኑ ደክሞ ፊደል መለየት ሲሳነው እንኳ በማሕሌት ቆሞ እግሩ አይስትም። እንደዚሁም ስካውት ቁስል ማሰርን የሚማረው በአካሉ ነው። ዓይኑን ተሸፍኖ ቋጠሮ ያስራል። የሚማረውም ቋጠሮ ጠፍጣፋ ነው፤ ቁስሉን አይጫንም፤ ሲፈልጉትም ቶሎ ይፈታል። ሁለት ዘንግና ሁለት ካፖርት አገናኝቶ ቃሬዛ ይሠራል፤ በዚያም ቃሬዛ ላይ ጓደኛውን ጭኖ ዳገት ይወጣል፤ ጓደኛውን የጣለው እንደ ሆነ ይሳቅበታል። ጨዋታ ስለ ሆነ አይሰለቸውም፤ በጓደኞቹ ፊት ስለ ሆነም አይረሳውም።

ከቋጠሮው ይልቅ የሚበልጠው ግን የሥራው ቅደም ተከተል ነው። አስቀድሞ ለራሱ አደጋ አለመኖሩን ያያል፤ የወደቀው ሰው እስትንፋስ እንዳለው ይመለከታል፤ ሰው ልኮ ርዳታ ያስጠራል፤ የሚደማውን ይጫናል። ቁስለኛውንም ያለ ምክንያት አያነሣውም። ይህ በአንደበት ሲነገር የሕፃን ነገር ይመስላል፤ ደም እየፈሰሰ፤ ሰው እየጮኸ፤ ሕዝብ እየተጋፋ ሳለ ግን ይህን አስታውሶ በተራው የሚያደርግ ሰው ከመቶ አንድ አይገኝም። ታላቅ የደም ሥር የተቈረጠበት ሰው በጥቂት ደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል፤ ልቡ የቆመ ሰውም ከ4 እስከ 6 ደቂቃ ባለው ጊዜ አንጐሉ መጐዳት ይጀምራል። በዚህ ጊዜ ውስጥ ከቦታው የሚደርስ ሐኪም በሀብታሙም አገር ቢሆን ጥቂት ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ሐኪም ሁልጊዜ አጠገብ የተገኘው ሰው ነው፤ ማንም ይሁን ማን።

እዚህ ላይ አንድ እውነት ሳንሸሽግ እንናገር፤ የስካውትን ትምህርት የሚያወድሱ ብዙ ጊዜ ይህን ይዘልሉታል። አንድ ሰው በልጅነቱ የተማረው የመጀመሪያ ርዳታ ደንብ እስከ ሽምግልናው ድረስ ሳይለወጥ አይቆይም። እስትንፋሱ የቆመን ሰው ስለ መርዳት ብቻ የተደረገውን ለውጥ እንመልከት። ከ1903 ዓ.ም. ጀምሮ ሰውየውን በሆዱ አስተኝቶ ጀርባውን መጫን ይታዘዝ ነበር። በ1932 ዓ.ም. ሆልገር ኒልሰን የተባለው የዴንማርክ ሰው ጀርባውን ከመጫን ጋር ክንዶቹን ማንሣትን ጨመረበት። ከ1950ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ይህ ሁሉ ቀርቶ እስትንፋስን በአፍ መስጠት ተተካ፤ በ1960 ዓ.ም. ደግሞ ደረትን በመጫን ደሙን ማንቀሳቀስ እንደሚቻል በአሜሪካ ሐኪሞች ተገልጦ ታተመ። ዛሬ የሚታዘዘው የደረትን መካከል በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፤ ለዐዋቂ ሰው ከ5 እስከ 6 ሳንቲሜትር ያህል ጠለቅ አድርጎ መጫን ነው። ስለ እባብ ንክሻም የጥንቱ መጻሕፍት ቁስሉን መብጣትና መምጠጥ ያዝዙ ነበር፤ ዛሬ ሁለቱም የተከለከሉ ናቸው፤ የተነከሰውን ሰው ሳያንቀሳቅሱ አረጋግቶ ወደ ሆስፒታል ማድረስ ነው። በእንጨት እየተጠመዘዘ በክንድ ወይም በጭን ላይ የሚጠብቀው የደም ማቆሚያ ማሰሪያም ለብዙ ዘመን ብልትን ያስቈርጣል ተብሎ ሲነቀፍ ኖሮ፤ በአፍጋኒስታንና በኢራቅ ጦርነቶች የብዙ ወታደሮችን ሕይወት ማትረፉ ስለ ታየ እንደገና ተመልሶ ታዝዟል።

ታዲያ ደንቡ እንዲህ የሚለዋወጥ ከሆነ በልጅነት መማሩ ምን ይጠቅማል የሚል ሰው ይኖራል። ለዚህ መልስ የሚሆን ይህ ጸሐፊ ከጥቂት ዓመታት በፊት ከደብረ ብርሃን ወደ አዲስ አበባ ሲመለስ በዓይኑ ያየውን ይናገራል። አንድ አነስተኛ የሕዝብ ማመላለሻ መኪና ተገልብጦ ነበር። ክንዱ ከክርኑ በላይ በመስተዋት የተሸነተረ ወጣት ከመንገዱ ዳር ተቀምጧል፤ ደሙ እንደ ቧንቧ ይወርዳል፤ እኛም ወደ 30 የምንሆን ሰዎች ከበን እንጮኻለን። አንድ ሽማግሌ፤ ዕድሜአቸው ከ70 በላይ የሚሆን፤ ሰዉን በክርናቸው እየከፈሉ ገቡ። ነጠላቸውን አውልቀው አጣጠፉና በቁስሉ ላይ ጫኑት። ሁለት ሰዎች ወጣቱን ሊያነሡ ቢሉ ከለከሏቸው፤ አንዱን ልጅ ተሽከርካሪ እንዲያስቆም ወደ ላይ፤ ሌላውን ወደ ታች ላኩ። ደሙ ነጠላውን አልፎ በመጣ ጊዜ ከጠርዙ ቀደው ከቁስሉ በላይ አሰሩና በአንዲት የጥድ ጭራሮ ጠመዘዙት። ደሙ ቆመ።

ኋላ በጭነት መኪና ላይ ስንሄድ፤ ጥቂት ቆይተው ማሰሪያውን ሊያላሉ እጃቸውን ሰደዱ። አብራን የተሳፈረች አንዲት ወጣት ነርስ፤ «አባባ፤ አይፍቱት። ዛሬ እንዲያ አይደረግም፤ ሐኪም ዘንድ እስኪደርስ እንደ ታሰረ ይቆያል» አለቻቸው። እርሳቸውም፤ «እኛን ሲያስተምሩን በየሩብ ሰዓቱ አላሉ ነበር የሚሉን። እሺ ልጄ፤ አንቺ ታውቂያለሽ» ብለው እጃቸውን መለሱ። እርስዋም የታሰረበትን ሰዓት በወጣቱ እጅ ላይ በእስክሪፕቶ ጻፈች። ጤና ጣቢያ ስንደርስ ወጣቱ ይናገር ነበር። ሽማግሌውን የት እንደ ተማሩ ብንጠይቃቸው፤ በ1950ዎቹ ዓመታት ተማሪ ሳሉ በስካውት መሆኑን፤ ከዚያም ወዲህ ለሰው አድርገውት እንደማያውቁ ነገሩን።

አንባቢ ሁለቱን ነገር አነጻጽሮ ይመልከት። ስለ ማላላቱ የተማሩት ደንብ አርጅቷል፤ ወጣቷ ነርስ ባትኖርም ኖሮ ጕዳት ባደረሰ ነበር። ሰውን ከፍሎ መግባት፤ መጫን፤ ሰው መላክ፤ አለመጐተት፤ ይህ ግን ከ50 ዓመት በላይ አልፎበት አላረጀም። ከሁሉም ይልቅ የምናደንቀው እሺ ማለታቸውን ነው። በእጁ የተማረ ሰው በእጁ ስለሚታረም ሲነግሩት አይከብደውም፤ በወረቀት ብቻ የተማረ ሰው ግን ወረቀቱን ይዞ ይከራከራል። እንግዲህ ለዕድሜ የሚተርፈው የእጁ ልማድና የልቡ አለመደንገጥ ሲሆን፤ ደንቡ ግን እንደ መድኃኒት ጊዜው ሲያልፍ የሚታደስ ነገር ነው።

መታደሱም ቀልድ አይደለም። ደረትን የመጫን ትምህርት የወሰዱ ሰዎች ሳይለማመዱ ከቆዩ በጥቂት ወራት ውስጥ ሥራው ከእጃቸው እየራቀ እንደሚሄድ በየአገሩ የተደረገ ምርመራ አሳይቷል። ስለዚህም የምስክር ወረቀቱ በብዙ አገር በሁለት ዓመት ይሽራል። በየመሥሪያ ቤቱ አንድ ቀን ስልጠና ተሰጥቶ፤ ሻይና ብስኩት ተጠጥቶ፤ ፎቶግራፍ ተነሥቶ፤ ወረቀቱ በመስተዋት ተደርጎ በግድግዳ ከተሰቀለ በኋላ እስከ ጡረታ ድረስ የሚነካው የለም። የመጀመሪያ ርዳታ ሣጥኑም ቍልፉ ከንብረት ክፍሉ ኀላፊ ዘንድ ይቀመጣል፤ ኀላፊውም በዕለቱ ለመስክ ሥራ ወጥተዋል ይባላል። ይህን የምንለው ማንንም ለመንቀፍ ሳይሆን፤ የአንድ ቀን ትምህርት በልጅነት ያልተዘራበትን ዐዋቂ ወዲያው ረዳት አያደርገውም ለማለት ነው። በልጅነት የተዘራበት ግን በሁለት ዓመት አንድ ጊዜ ጥቂት ሰዓት ይበቃዋል።

ይህ ነገር በአገራችን የሚጠይቀውን አሁን እንናገር። የዓለም የጤና ድርጅት በ2023 ዓ.ም. ባወጣው መግለጫ በየዓመቱ በመኪና አደጋ የሚሞተው ሰው በዓለም 1,190,000 ያህል ነው፤ ከዚህም ከመቶ 92ቱ የሚሞተው ገቢያቸው ዝቅተኛና መካከለኛ በሆነ አገሮች ነው፤ የኛም አገር ከነዚሁ ውስጥ ናት። በአዲስ አበባ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ከከተማው ወጥቶ በተራራ ላይ ለሚገለበጠው መኪና ግን ከአምቡላንሱ በፊት የሚደርሰው እረኛው፤ ገበሬው፤ የንግሥ በዓል ተሳላሚው፤ የቅርቡ ደብር ካህንና የሚቀጥለው መኪና ነጂ ናቸው። እነርሱም በደግነት አይታሙም፤ ወገን የወደቀ እንደ ሆነ ሥራውን ጥሎ የማይሮጥ ገበሬ የለም። የሚያደርጉትን ግን ሁላችንም እናውቃለን። ጀርባው የተሰበረውን ሰው ባራቱ አቅጣጫ ይዘው እንደ ጆንያ ወደ ጭነት መኪና ይወረውሩታል። በሚጥል በሽታ የወደቀውን ክብሪት ጭረው ያሸቱታል፤ በጥርሱም መካከል ማንኪያ ያስገቡበታል። በቁስል ላይ የቡና ዱቄት፤ በተቃጠለ ገላ ላይ እንቍላል፤ ሊጥ ወይም የጥርስ ሳሙና ያደርጋሉ፤ የተቃጠለ ገላ ግን የሚፈልገው ለ20 ደቂቃ ያህል የሚፈስ ንጹሕ ቀዝቃዛ ውሃ ነው፤ በሚጥል በሽታ የወደቀውም ከሚጐዳው ነገር አርቀውት በጐኑ ቢያስተኙት ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ይነቃል። ይህ ሁሉ ስሕተት የሚደረገው በፍቅር ነው። ፍቅሩን ማስተማር አያስፈልግም፤ አለ፤ የጐደለው እጅ ነው።

ቁስለኛው በዝቶ ሐኪም ሲጠፋ ምን እንደሚሆን አገራችን ከራስዋ ታሪክ ታውቃለች። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር የቆመው ሐምሌ 1 ቀን 1927 ዓ.ም. የኢጣልያ ጦር ሊነሣ ሲል ነው። በሚከተለው ዓመት በተደረገው ጦርነት ከስዊድን፤ ከኖርዌይ፤ ከእንግሊዝ፤ ከሆላንድ፤ ከፊንላንድና ከግብጽ የሕክምና ጓዶች መጥተው ረዱ፤ የስዊድኑም ጓድ በታኅሣሥ ወር በመልካ ዲዳ በአውሮፕላን ቦምብ ተደበደበ። በየግንባሩ የወደቀው ሠራዊት ብዛትና የነዚህ ጓዶች ቍጥር የሚመጣጠን አልነበረም፤ ከቁስለኛውም ብዙው የተረዳው በጓደኛው እጅ ነው፤ ጓደኛው ካወቀበት ማለት ነው።

ሕጋችንም ከዚህ ነገር አልራቀም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፤ ሕይወቱ በከባድና በቀረበ አደጋ ላይ ያለን ሰው በራሱ ላይ ጕዳት ሳይደርስ መርዳት እየቻለ ትቶ የሚሄደውን ይቀጣል። መልካም ሕግ ነው። ነገር ግን ሕግ ትቶ የሄደውን መቅጣት እንጂ ለቆመው ሰው የሚያደርገውን ነገር ሊሰጠው አይችልም። ሕጉን የሚያስፈጽሙ ሹማምንት፤ የሚያስተምር መሥሪያ ቤት ከሕጉ ጐን እንዲቆም ማድረግ የነርሱ ድርሻ እንደ ሆነ አይስቱትም። ከዚህ ጋር ሰው ቁስለኛ ሲነካ ኋላ በምስክርነትና በጥርጣሬ እንጉላላለሁ ብሎ የሚፈራውን ፍርሃት ማራቅ የፖሊሶች ፈንታ ነው።

ይህ የሚቻል ነገር ለመሆኑ የዴንማርክን ምሳሌ እንይ። በዚያ አገር በ2005 ዓ.ም. ልብን የማንቀሳቀስ ትምህርት በትምህርት ቤት ግዴታ ሆነ፤ ቀጥሎም የመንጃ ፈቃድ ለሚያወጣ ሁሉ ታዘዘ፤ ከዚሁም ጋር ሌላ ዘመቻ ተደረገ። በ2001 ዓ.ም. ከሆስፒታል ውጪ ልባቸው ከቆመ 100 ሰዎች ውስጥ አጠገባቸው በተገኘ ሰው የተረዱት 21 ያህል ነበሩ፤ በ2010 ዓ.ም. 45 ያህል ሆኑ። በዚሁ ዘመን ውስጥ እስከ 30 ቀን በሕይወት የቆዩት ከመቶ 3.5 ወደ 10.8 ከፍ አሉ። ለዚህ ውጤት የሆስፒታሎቹ መሻሻልም ምክንያት እንደ ሆነ መርማሪዎቹ ራሳቸው ይናገራሉ፤ እኛም ሁሉን ለአንዱ አንሰጥም። በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የዓለም የጤና ድርጅት ልጆች ከ12 ዓመታቸው ጀምሮ በየዓመቱ 2 ሰዓት ይህን ቢማሩ የሚለውን የሐኪሞች አሳብ ደግፏል። ሁለት ሰዓት በዓመት! በየትምህርት ቤቱ ለሰልፍ ብቻ በአንድ ሳምንት የሚያልፈው ጊዜ ከዚህ ይበልጣል።

ልጅ ባላወቀው ገብቶ ያበላሻል የሚሉ ሰዎች አሉ። ከላይ የዘረዘርነውን የክብሪትና የቡና ዱቄት ነገር ለሚያስታውስ ሰው፤ አሁን የሚያበላሸው ማን እንደ ሆነ ግልጽ ነው። ስካውት በመጀመሪያ የሚማረው የማይደረገውን ነው። ሌሎች ደግሞ አስቀድሞ አምቡላንሱ ይብዛ ይላሉ። ይብዛ፤ ማን ይጠላል! ነገር ግን አምቡላንስ ሲደርስ በሕይወት የሚያገኘው ሰው እንዲኖር አስቀድሞ ደሙን የጫነ ሰው ያስፈልጋል።

ሁሉም ልጅ ስካውት ይሁን አንልም፤ የደንብ ልብሱም ሰፈሩም ወጪ አለው። ከስካውት የምንወስደው የማስተማሩን መንገድ ነው። በመስከረም ትምህርት ቤት ሲከፈት አንድ የሰውነት ማጠንከሪያ መምህር፤ በአካባቢው ካለው ጤና ጣቢያ አንድ ነርስ፤ ከቀይ መስቀልም የወጣቶች ክበብ አንድ ሰው ተገናኝተው ሁለቱን ሰዓት በዓመቱ ላይ ቢያካፍሉት ነገሩ ይጀመራል። ነርስዋ ያስፈለገችው ደንቡ የዘንድሮው መሆኑን እንድትመሰክር ነው፤ መምህሩ ግን ልጆቹን ያጫውታል። በሰንበት ትምህርት ቤትም ለጥምቀትና ለንግሥ በዓል ሕዝብ የሚያስተናግዱት ወጣቶች ከሁሉ በፊት ቢማሩት፤ በዚያ ቀን የሚደክመው ሽማግሌና በግፊያ የሚወድቀው ሕፃን ብዙ ነውና፤ የደብሩ አስተዳዳሪ ይህን ለማዘዝ የማንንም ፈቃድ አይጠብቁም። ሥራው የሚፈልገው ዕቃ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ አቡጀዲ ነው፤ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሲቀደድ ሁለት ማሰሪያ ይወጣዋል፤ ልምምዱ ሲያልቅ ታጥቦ ለሚመጣው ክፍል ይተላለፋል።